ሀዋሳ ላይ የራሳችንን ማስቶዶን ሰርቨር ማቆም፦ ቤት ውስጥ ይሁን ወይስ ቪፒኤስ ላይ?

አሞራ_ገደል

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ሀዋሳ ውስጥ ፎቶ የሚያነሱና የሐይቁን ወፎች የሚከታተሉ 120 ያህል አባላት ያሉት ስብስብ አለን። የምንገናኘው በቴሌግራም ነው፤ የቆየ ፎቶ ፈልጎ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው፣ ከሌላ አገር ወፍ ተመልካቾች ጋርም አያገናኘንም። ስለዚህ በአክቲቪቲፐብ (የተለያዩ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰርቨሮች የሚግባቡበት ቋንቋ) ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚነጋገር የራሳችን ሰርቨር እንዲኖረን ተስማምተናል።

በእጃችን ያለው አንድ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ነው፤ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ አለው። የሚቀመጠው አቶቴ አካባቢ ፋይበር የገባለት አንድ አባል ቤት ነው። ማስቶዶን የተባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ሶፍትዌር ይሻላል ወይስ ቀለል ያለ ነገር? ቤት ማቆም ያዋጣል ወይስ ቪፒኤስ (ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚከራይ ምናባዊ ማሽን) እንከራይ? መብራት ሲሄድስ ከሌሎቹ ሰርቨሮች ጋር ያለን ግንኙነት ምን ይሆናል? ሊኑክስ የሚችሉ ሦስት ሰዎች አሉን።

ታቦር

እህቴ፣ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ።

አንደኛው አይፒ ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ግቡና የዋን (በኢንተርኔት ወገን ያለውን) አድራሻውን እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም «አይፒዬ ምንድነው» የሚሉ ድረ ገጾች ከሚያሳዩት ከተለየ፣ አንዱን የውጭ አይፒ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚያጋራ «ናት» (NAT) የሚባል አሠራር ኋላ ናችሁ ማለት ነው። እዚያ ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱ ምንም አይጠቅምም፤ ጥያቄው እናንተ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው የዶሜይን ስም ነው። ማስቶዶን ላይ «ሎካል ዶሜይን» ብላችሁ የሞላችሁት ስም የእያንዳንዱ አባል መታወቂያ አካል ይሆናል፣ ሌሎች ሰርቨሮችም ዳታቤዛቸው ውስጥ በዚያው ስም ይመዘግቡታል። በኋላ መቀየር የለም። ስለዚህ አጭሩን ዋና ስም ለሎካል ዶሜይን ስጡት፤ ሰርቨሩ የሚሠራበትን ንዑስ ዶሜይን ደግሞ «ዌብ ዶሜይን» ላይ አስገቡ። ዋናው ስም ላይ የዌብፊንገር ጥያቄን (ሌሎች ሰርቨሮች አባላትን የሚያፈላልጉበትን) ወደ ንዑሱ የሚያዞር አንድ መስመር ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙ) ላይ ይበቃል። እንዲህ ካደረጋችሁ ዋናው ስም ላይ ነገ ሌላ ድረ ገጽ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ስሙን ለብዙ ዓመት ክፈሉ፤ የተመዘገበበት ኢሜይልም የስብስቡ ይሁን እንጂ የአንድ ሰው የግል ኢሜይል አይሁን። ዳታቤዝ ከባክአፕ ይመለሳል፤ የጠፋ ዶሜይን ግን ከሌላ ሰው እጅ አይመለስም።

ዳቶ

ስለ ሶፍትዌሩ፦ ለ120 ሰው ከማስቶዶን ሌላ በቁም ነገር መታየት ያለበት ጎቱሶሻል ነው። አንድ ፋይል ነው፣ 300 ሜጋባይት ገደማ ራም ይበቃዋል፣ ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ሊሆን ይችላል። ግን የራሱ መለጠፊያ ገጽ የለውም። አባላት ቱስኪን ወይም ሌላ የማስቶዶን አፕ ስልካቸው ላይ መጫን አለባቸው። ስልክ ላይ ብቻ ለሚውል ስብስብ ችግር የለውም፤ ከኮምፒውተር ፎቶ ለሚጭን ፎቶ አንሺ ግን ያስቸግራል። ፒክስልፌድ ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ውይይቱ ከማስቶዶን ይሳሳል።

በእናንተ 16 ጊጋ ላይ ማስቶዶን ሳይጨናነቅ ይሠራል። ማስቶዶን ሲባል አንድ ፕሮግራም ሳይሆን ስብስብ ነው፦ ገጹን የሚያቀርበው ፑማ፣ ከጀርባ ሥራ የሚሠራው ሳይድኪክ፣ ቀጥታ የሚያፈሰው የኖድ ክፍል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ጊዜያዊ ማከማቻው ሬዲስ፣ ከፈለጋችሁም ለፍለጋ ኤላስቲክሰርች። ሦስት ሊኑክስ የሚችሉ ሰዎች ካሏችሁ ይቻላል። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎቱሶሻል እል ነበር።

ለፎቶ አንሺዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ማስቶዶን ትልልቅ ፎቶን ወደ 8 ሜጋፒክስል ገደማ ያወርዳል፣ ዋናውን አያስቀምጥም፤ ማኅደር አድርጋችሁ አትቁጠሩት። በሌላ በኩል ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን የጂፒኤስ መረጃ ያጸዳል። የወፍ ጎጆ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሞራ_ገደል

ራውተሩ 100.80 ምናምን ይላል፣ ውጪ የሚታየው ሌላ ነው። ስለዚህ ናት ኋላ ነን። ፍጥነቱ ዳውንሎድ 20፣ አፕሎድ 5 ሜጋቢት ነው። ቋሚ አይፒ መጠየቅ ነው ያለብን?

ፒያሳ_24

እኔ የምለው ሁሉንም ቪፒኤስ ላይ አስቀምጡት። 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ለ120 ሰው ይበቃል። መብራት፣ አፕሎድ፣ ናት የሚባል ጣጣ በሙሉ ይቀራል። ሚኒ ፒሲውን የባክአፕ ማስቀመጫ አድርጉት። አገር ውስጥ ይሁን ካላችሁም አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ሴንተሮች አሉ።

አላሙራ

ፒያሳ ያልከው ለብዙ ስብስብ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍያው ነው። ውጭ የሚከራይ ቪፒኤስ በውጭ ምንዛሪ፣ በየወሩ፣ በአንድ ሰው ካርድ ነው የሚከፈለው። ካርዱ አንድ ወር ካላለፈ ማሽኑ ይታገዳል፣ ጥቂት ቆይቶም ከነዳታው ይሰረዛል። ስለዚህ በየትኛውም ሰዓት ሊጠፋ የሚችል ማሽን ላይ ሊተካ የማይችል ነገር አይቀመጥም። ዳታቤዙ፣ ቁልፎቹና ፎቶዎቹ ቤት ይሁኑ፤ ውጪ የሚኖረው ቪፒኤስ በር ብቻ ይሁን። 1 ጊጋ ራም ያለው፣ በጣም ርካሹ ይበቃል። ቢጠፋ ሌላ ተከራይታችሁ የዲኤንኤስ መዝገቡን (ስሙን ወደ አይፒ የሚመራውን) ትቀይራላችሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (መዝገቡ ሌሎች ጋ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) 300 ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ ያኔ ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል። ቋሚ አይፒ ከተገኘ ደግ ነው፤ ይህ አሠራር ግን ያለሱም ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት ያለው ሚኒ ፒሲ ወደ ቪፒኤሱ ዋየርጋርድ የሚባል የተመሰጠረ ዋሻ ይዘረጋል። ጀማሪው ሁልጊዜ የቤቱ ወገን ነው፤ ቪፒኤሱ ላይ የቤቱን አድራሻ አትጻፉ፣ ስለሚቀያየር። «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ሰከንድ ይሁን። ይህን ካልሞላችሁ ትራፊክ በሌለበት ሰዓት ናቱ ግንኙነቱን ይረሳዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄም እስከሚቀጥለው የቤት ፓኬት ድረስ መግቢያ ያጣል። ምልክቱ «ሌሊት ሰርቨሩ ይሞታል፣ ጠዋት ስንገባ ይነሳል» የሚል ቅሬታ ነው።

ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት የሚይዘው ከፍተኛ ባይት) ላይ ተጠንቀቁ። ዋየርጋርድ በራሱ 1420 ይይዛል፤ ይህ ከሥሩ ሙሉ 1500 ያለውን መስመር አስቦ ነው። ፋይበሩ በፒፒፒኦኢ የሚገባ ከሆነ ያለው 1492 ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን 1412 አድርጉት። ካላወረዳችሁት የሚታየው ግራ ያጋባል፦ ፒንግ ይሠራል፣ አጭር ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ግን መሃል ላይ ይቆማል፣ አንዳንድ ሰርቨሮችም ሰርተፊኬት ሲለዋወጡ ይንጠለጠላሉ። ሎግ ላይ ስህተት አይወጣም፣ የሚታየው ጊዜ ማለቅ ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ ተጠባባቂ መስመር ካላችሁ 1280 ላይ አድርጋችሁ ተገላገሉ።

ሦስተኛው የጎብኚው እውነተኛ አይፒ ነው። ሁሉም ጥያቄ በዋሻው ስለሚመጣ ማስቶዶን የሚያየው የቪፒኤሱን የውስጥ አድራሻ ብቻ ይሆናል። ማስቶዶን ደግሞ ሳይገባ የሚጠይቅን ሰው ከአንድ አይፒ በ5 ደቂቃ 300 ጥያቄ ላይ ይገድባል። ዓለም በሙሉ በአንድ አይፒ ሲቆጠር ገደቡ ወዲያው ይሞላና ሁሉም ሰው 429 (ጥያቄ በዝቷል የሚል ስህተት) ያያል። ቪፒኤሱ ላይ ፕሮክሲ ፕሮቶኮል (የጎብኚውን አይፒ አብሮ የሚያስተላልፈውን) አብሩ፣ ቤት ያለው ኤንጂንኤክስ እንዲቀበለው ንገሩት፣ ከዚያ ማስቶዶን ላይ «ትረስትድ ፕሮክሲ አይፒ» በሚለው የኤንጂንኤክሱን አድራሻ ሙሉ።

ፒያሳ_24

ጋሼ፣ የክፍያው ነገር ገብቶኛል። ግን ሰርተፊኬቱ የት ነው የሚቀመጠው? ምስጠራው ቪፒኤሱ ላይ ከተፈታ የአባላት የይለፍ ቃል እዚያ ማሽን ላይ ግልጥ ሆኖ ያልፋል። ካልተፈታ ደግሞ ቪፒኤሱ ፎቶ ካሽ ማድረግ (ቅጂ ይዞ ማስተናገድ) አይችልም፣ 5 ሜጋቢት አፕሎድ ደግሞ ምንም አይደለም።

አላሙራ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ስም ተጠቀሙ። ዋናው የማስቶዶን ስም ቪፒኤሱ ላይ ሳይፈታ፣ የተጠየቀውን ስም ብቻ አይቶ እንዳለ ወደ ቤት ይለፍ። ሰርተፊኬቱ ቤት ነው፣ የይለፍ ቃሉም ቤት ብቻ ነው የሚገለጠው። ለፎቶዎች ሌላ ንዑስ ዶሜይን ክፈቱና እሱን ቪፒኤሱ ላይ ፍቱት፣ ኤንጂንኤክስ ካሽ 15 ጊጋ ስጡት። አብዛኞቹ ፎቶዎች ይፋ የሆኑ ናቸው፣ ሰው ቢያያቸው ጉዳት የለም። ይህ እንዲሠራ ቤት ውስጥ ጋራዥን የመሰለ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ ቋንቋ) የሚናገር ማከማቻ ጫኑ፤ ማስቶዶን ላይ «ኤስ3 አሊያስ ሆስት» የሚለውን የፎቶው ንዑስ ዶሜይን አድርጉት።

ታቦር

ካሹ ለምን ግዴታ እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንድ አባል ፎቶ ሲለጥፍ ተከታይ ያለበት እያንዳንዱ ሰርቨር መጥቶ የራሱን ቅጂ ይወስዳል። ፎቶው 1.5 ሜጋባይት፣ ሰርቨሮቹ 400 ቢሆኑ 600 ሜጋባይት ነው። በ5 ሜጋቢት አፕሎድ 16 ደቂቃ ይፈጃል፤ በእነዚያ 16 ደቂቃዎች የእናንተ አባላት ገጹን መክፈት አይችሉም። 40 ሜጋባይት ቪዲዮ ቢሆን 16 ጊጋ ነው፣ ከ7 ሰዓት በላይ። በካሹ ግን ፋይሉ ከቤት የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቀሪውን 399 ጊዜ የሚያስተናግደው ቪፒኤሱ ነው።

ካሹ ላይ «ፕሮክሲ ካሽ ሎክ» ማብራት አትርሱ። ካልበራ ፋይሉ ገና ካሽ ሳይገባ በተመሳሳይ ሰከንድ የመጡት ሁሉ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ የፌዴሬሽን (በሰርቨሮች መካከል የሚሄድ) ትራፊክ ደግሞ ጠባዩ ይኸው ነው፣ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ነው የሚመጡት።

ማስቶዶን ቪዲዮ እስከ 99 ሜጋባይት ይቀበላል። ለአባላት ቪዲዮ ከ20 ሜጋ እንዳይበልጥ ደንብ አውጡ።

ዳቶ

መብራት። ሚኒ ፒሲው በአማካይ 15 ዋት፣ የፋይበሩ ሞደምና ራውተሩ አንድ ላይ ሌላ 15 ዋት ብለን እንያዝ፤ 30 ዋት።

ገበያ ላይ ያለው ተራው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለችው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ናት፤ 84 ዋት ሰዓት። ወደ 220 ቮልት ስትቀየር የምታባክነውን ቀንሱላት፣ አዲስ ሆና እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙም አትዘልም፣ ዓመት ሲያልፋት ደግሞ ግማሹ ይቀራል። ግማሽ ቀን ለሚሄድ መብራት መልስ አይደለችም። 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ 1280 ዋት ሰዓት ነው። ሰማንያ በመቶውን ተጠቀሙ፣ ለመቀየሪያ አሥር በመቶ ጣሉ፤ 920 ዋት ሰዓት ይቀራል፣ 30 ሰዓት ገደማ ያቆያችኋል። ወደ 220 አትመልሱት፤ ሞደምና ራውተር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ አንብቡና ቮልቴጁን በሚያረጋጋ የዲሲ መቀየሪያ አገናኟቸው። ሚኒ ፒሲው 19 ቮልት ከሆነ ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 90 ዋት የሚችል ይሁን፣ ሲነሳ የሚስበው ከአማካዩ በጣም ስለሚበልጥ። ለእያንዳንዱ መስመር ፊውዝ፣ ከባትሪው በቅርብ።

ሁልጊዜ የሚረሳው ሞደሙ ነው። ሰዎች ኮምፒውተሩን ባትሪ ላይ አድርገው ሞደሙን ግድግዳ ላይ ባለው ዲቫይደር ይተዉታል፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በርቶ መስመሩ ይሞታል።

የሚጎዳው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም ነው። መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ መጀመሪያ ከፍ ዝቅ ይላል። ቻርጀሩ ፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ስታብላይዘር አድርጉ። ባዮስ ላይ «ኤሲ ሲመለስ ተነሳ» የሚለውን አብሩ። ባትሪው ሰላሳ በመቶ ሲቀረው ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉ፣ ለዚህ ኑት የተባለው ፕሮግራም ይሆናል።

ፖስትግሬስ ላይ «ኤፍሲንክ» የሚለውን (ዳታው በእርግጥ ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን) ለፍጥነት ብላችሁ አታጥፉ። ኢንተርኔት ላይ የሚመክሩ አሉ። መብራቱ በሚቆራረጥበት አገር ኤፍሲንክ ማጥፋት ዳታቤዙን አውቆ መጣል ነው።

ሐይቅ_ዳር_ጂኪ

ሬዝቤሪ ፓይ 4 አለኝ፣ ኤስዲ ካርድ ላይ ይሆናል?

ዳቶ

ካርዱ ላይ አይሆንም፤ ፖስትግሬስ ያለማቋረጥ ስለሚጽፍ ካርዱ በአጭር ጊዜ ያልቃል። በዩኤስቢ ኤስኤስዲ ከሆነና ራሙ 4 ጊጋ ካለ ጎቱሶሻል ጫንበት።

አሞራ_ገደል

ዳቶ እናመሰግናለን፣ የባትሪው ስሌት በጣም ጠቅሞናል። መብራትም ኢንተርኔትም ለቀናት ቢጠፋስ? ተከታዮቻችን ይጠፋሉ?

አላሙራ

ተከታይ አይጠፋም። የሚጠፋው በመሃል የተለጠፈው ነው። ሌላው ሰርቨር ወደ እናንተ የላከው ካልደረሰ ሳይድኪኩ እየተራራቀ እስከ 16 ጊዜ ደግሞ ይሞክራል፤ ለሰዓታት የቆየ መቋረጥ በዚህ ይሸፈናል። በ7 የተለያዩ ቀናት ካቃተው ግን «አይገኝም» ብሎ መዝግቦ መላክ ያቆማል። የሚቀጥለው ከእናንተ አንድ ነገር ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ ስትመለሱ ብዙ ተከታይ ያላቸው አባላት አንዳንድ ጽሑፍ ይለጥፉ፤ በየአቅጣጫው የተዘጋው መስመር በዚያው ይከፈታል። ያለፈው ጽሑፍ ግን በራሱ ተመልሶ አይመጣም።

ከመቋረጥ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ሰዓቱ ነው። ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ደክማለች። ማሽኑ ሙሉ ለሙሉ ከጠፋ ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይሄዳል። የፌዴሬሽን መልእክት ደግሞ ቀኑን ጨምሮ ነው የሚፈረመው፤ ሰዓታችሁ ከተዛባ ሌሎች ሰርቨሮች 401 (ፈቃድ የለም) እያሉ ይመልሱባችኋል፣ የእነሱንም እናንተ ትጥላላችሁ። ባትሪዋን ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ክሮኒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጫኑ፣ ሲነሳ ሰዓቱን በአንዴ እንዲያስተካክል ፍቀዱለት፣ ሳይድኪክም ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ እንዲነሳ ሲስተምዲ ላይ አስሩት።

ስለ ሳይድኪክ ካነሳን፦ 25 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ ክር) ከሰጣችሁት «ዲቢ ፑል» (የዳታቤዝ መስመሮች ብዛት) ከ25 አይነስ። ካነሰ ትሬዶቹ የዳታቤዝ መስመር ሲጠብቁ ይውላሉ፣ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሰልፉ ይረዝማል። የሁሉም ፑል ድምር ከፖስትግሬሱ 100 መስመር እንዳይበልጥ አስቡ። የፖስትግሬሱ «ሼርድ በፈርስ» (የራም ድርሻው) 4 ጊጋ። በየቀኑ የምታዩት ቁጥር የሰልፉ ርዝመት ሳይሆን መዘግየቱ ይሁን። ፑል (pull፣ ከሌሎች ሰርቨሮች የሚያመጣው) ሰልፍ ላይ አሥር ሺህ ሥራ ቢኖር በ2 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል፤ ዲፎልት ሰልፍ 5 ደቂቃ ከዘገየ ግን አባላት ወዲያው ያውቁታል። ሳይድኪክን በኋላ ለሁለት ብትከፍሉት «ስኬጁለር» የሚባለው ሰልፍ አንዱ ላይ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ቦታ መሮጥ የለበትም።

ፊደል_ገበታ

በአማርኛ ስለሚፈለግ ነገር ማንም አላነሳም። ማስቶዶን ያለ ኤላስቲክሰርች የሚፈልገው መለያና ሃሽታግ ብቻ ነው። ኤላስቲክሰርች ስትጭኑ ደግሞ ለአማርኛ የተዘጋጀ ተንታኝ የለውም። «ሀዋሳ» ብሎ የፈለገ «ሐዋሳ» የተባለውን አያገኝም፤ «በሀዋሳ» እና «የሀዋሳ» የተባለውንም አያገኝም።

የመጀመሪያው መፍትሔ አለው። ቹዊ ፎልደር ውስጥ ያለውን የስታተስ ኢንዴክስ ፋይል ክፈቱና የፊደል ማጣሪያ ጨምሩ፦ ሐና ኀ በሰባቱም ድምፅ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ እንዲሁም ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፣ ኣና ዓ ወደ አ። ከዚያ ኢንዴክሱን እንደገና ገንቡ። አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥር ፋይሉ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ለውጡን እንደ ፓች ለብቻ አስቀምጡት። ለጃቫው ከ1 እስከ 2 ጊጋ ሂፕ ወስኑለት፣ ካልወሰናችሁለት ከራሙ ግማሹን ይወስዳል።

ሁለተኛውን፣ ማለትም በ፣ የ፣ ለ፣ ከ የሚሉትን ቅድመ ቃላት፣ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም፤ «ከተማ» ውስጥ ያለው ከ ቅድመ ቃል አይደለም። ይህን በሃሽታግ ማለፍ ይሻላል። ሃሽታግ ላይ ግን ማጣሪያው አይሠራም፣ በሀ እና በሐ የተጻፉት ሁለት የተለያዩ ሃሽታጎች ሆነው ይቀራሉ። የአባላት መመሪያ ላይ የወፎቹንና የቦታዎቹን ሃሽታግ አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ ዘርዝሩ። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ የድሮ ፎቶ ማግኘት አቃተን ላላችሁት ዋናው መድኃኒት ግን እሱ ነው።

ሐይቅ_ዳር_ጂኪ

አዲስ ሰርቨር ታይምላይኑ ባዶ ይሆናል አሉ። ሪሌይ (የብዙ ሰርቨሮችን ጽሑፍ ሰብስቦ የሚያከፋፍል) ውስጥ ቢገቡስ?

ታቦር

ትልቅ ሪሌይ አይግቡ። የማያውቋቸው ሰዎች ጽሑፍ ቀን ከሌሊት ይጎርፍባቸዋል፤ እያንዳንዱ ከነፎቶው ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሰልፉም ይሞላል። 20 ሜጋቢቱም በሱ ያልቃል። ይልቅ መጀመሪያ የገቡት አባላት ስለ ወፍ የሚጽፉ ከመቶ የማያንሱ መለያዎችን ይከተሉ፤ ታይምላይኑ የሚሞላው ሰው በሚከተለው ነው።

ያለ ሪሌይም ቢሆን ዲስክ የሚሞላው በአባላት ፎቶ ሳይሆን በሌሎች ሰርቨሮች ፎቶ ቅጂ ነው። አስተዳዳሪ ገጽ ላይ «ኮንቴንት ሪቴንሽን» ውስጥ የሚዲያ ካሹን 7 ቀን አድርጉ። ይህ የማይነካቸው ነገሮች አሉ፦ የሌሎች ሰርቨር ሰዎች የመገለጫና የራስጌ ፎቶ። እነሱን በወር አንድ ጊዜ በቱትሲቲኤል (የማስቶዶን የትእዛዝ መሣሪያ) አጽዱ፤ «ሚዲያ ሪሙቭ» ላይ «ፕሩን ፕሮፋይልስ» ጨምሩ። የቱ ክፍል እንደበላው «ሚዲያ ዩሴጅ» ይነግራችኋል። ከዚያው ገጽ ላይ ግን «ኮንቴንት ካሽ» የሚለውን ባዶ ተዉት፤ እሱ የሌሎችን ጽሑፍ ራሱን ይሰርዛል፣ አባላት ያስቀመጡት ቡክማርክም አብሮ ይሄዳል።

ዲስኩ 85 በመቶ ሲሞላ ቴሌግራም ላይ መልእክት የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት አድርጉ። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚቆመው ፖስትግሬስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማጽዳት እንኳ ቦታ አይገኝም። ለዚህ ተብሎ 5 ጊጋ ባዶ ፋይል ፈጥሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ በጭንቁ ጊዜ ትሰርዙታላችሁ።

ፒያሳ_24

ስለ ኢሜይል በአጭሩ፦ ከቤት በፖርት 25 አትላኩ፣ ጂሜይል ይጥለዋል። የኢሜይል ላኪ አገልግሎት በ587 ተጠቀሙ፣ ላኪው እናንተ መሆናችሁን የሚያረጋግጡትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ዲኤንኤስ ላይ አስገቡ። የማረጋገጫ ኢሜይል ያልደረሰው አባል ሊገባ አይችልም።

ምዝገባውን «በፈቃድ» ላይ አድርጉት። በ2024 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ የመጣው የስፓም ማዕበል የተጠቀመው ምዝገባቸው ክፍት የሆኑና ጠባቂ የሌላቸው ትንንሽ ሰርቨሮችን ነበር። ከ4.2.8 ጀምሮ ማስቶዶን ለሳምንት ተቆጣጣሪ ካልገባ ክፍቱን ምዝገባ ራሱ ወደ ፈቃድ ይመልሰዋል።

የሕጉንም አትዘንጉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይላል። ስለዚህ ሪፖርት የሚያይ ሰው በየቀኑ ተራ ይኑረው፣ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ 958/2008 ስለ ትራፊክ መረጃ ማቆየት፣ የግል መረጃ ጥበቃው 1321/2016 ስለ አባላት መረጃ ይናገራሉ። ለእናንተ እንዴት እንደሚሠሩ አንድ የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ። ማስቶዶን የአባላትን አይፒ በራሱ ለአንድ ዓመት እንደሚያቆይ እወቁና የግላዊነት ገጹ ላይ ጻፉት።

ሌላውን ሰርቨር ስታግዱ «ሳስፔንድ» የመጨረሻው ነው። በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው መከታተል በሙሉ ይቆረጣል፣ እገዳውን ብታነሱም አይመለስም። በ«ሊሚት» ጀምሩ።

አሞራ_ገደል

አፕዴት በየስንት ጊዜው ነው?

አላሙራ

የደኅንነት እትም በወጣበት ቀን፣ ሌላው በወር። በ2023 ጁላይ በ4.1.3 የተደፈነው ቀዳዳ ተንኮል ያለበት ፎቶ በመላክ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ፋይል ማስቀመጥ ያስችል ነበር፤ በ2024 ፌብሩዋሪ በ4.2.5 የተደፈነው ደግሞ የሌላውን ሰው መለያ ማስመሰልና መቆጣጠር። ሁለቱም ቀን የሚሰጡ አልነበሩም። የእትሙን ማስታወሻ ሙሉውን አንብቡ፤ 4.3 ለምሳሌ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ሦስት የማመስጠሪያ ቁልፎች የቅንብር ፋይሉ ውስጥ ካልገቡ አይነሳም።

ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይረው) ሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ «ፖስት ዲፕሎይመንት» የሚባሉትን ዝለሉና አሂዱ፣ ሁሉንም ሰርቪስ እንደገና አስነሱ፣ ቀጥሎ የቀረውን ማይግሬሽን አሂዱ። በአንድ ላይ ካሄዳችሁት አሮጌው ኮድ እየሠራ ያለበትን የዳታቤዝ ዓምድ ከሥሩ ትነቅላላችሁ።

ባክአፕ በየሌሊቱ። ሰርቨሩን በዩቲሲ ተዉት፤ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ 0 ሰዓት ብላችሁ የጻፋችሁት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አዲስ የመጣ አስተዳዳሪ ይህን ሳያውቅ 9 ብሎ ከጻፈ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሰው በሚበዛበት ጊዜ ነው የሚሮጠው። የሚቀመጠው ሦስት ነገር ነው፦ በፒጂዳምፕ የወጣው ዳታቤዝ፣ የአባላት ሚዲያ፣ እና የቅንብር ፋይሉ። የ«ካሽ» ፎልደርን ተዉት፣ ከሌሎች የመጣ ቅጂ ነው። በሬስቲክ አመስጥራችሁ አንዱን ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ከዚያ ቤት ውጭ ሌላ አባል ጋ። የሬስቲክ የይለፍ ቃል በወረቀት ለሁለት ሰው ይሰጥ።

በአንድ ዶሜይን ላይ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ማስነሳት መፍትሔ አይሆንም። ሌሎች ሰርቨሮች የአባላቶቻችሁን የድሮ ቁልፍና መታወቂያ ይዘዋል፤ አዲሱ ከሱ ጋር አይገጥምም፣ የተከታይ ዝርዝሩም የላችሁም። ሰርቨሩን መዝጋት ከመጣም ለአባላት ቢያንስ ሦስት ወር በፊት አሳውቁ። ተከታይን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር የሚሠራው የድሮው ሰርቨር በሕይወት እያለ ነው።

አሞራ_ገደል

ጋሼ፣ ባክአፑ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

አላሙራ

በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ አስነሱት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፣ ሳይድኪክንም አታስነሱ። የተመለሰው ዳታቤዝ ዋናው ሰርቨር እሱ እንደሆነ ነው የሚያውቀው፤ መስመር ካገኘ በእናንተ ስምና ቁልፍ ወደ ውጭ መላክ ይጀምራል፣ ለአባላትም ኢሜይል ይልካል።

ፑማን ብቻ አስነስታችሁ የመለያና የጽሑፍ ብዛቱን ከዋናው ጋር አስተያዩ። የቅርቡን ፎቶ ክፈቱ። ከዚያ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ የሚጠቀም አንድ አስተዳዳሪ ይግባ። የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ኮዱ ላይ እምቢ ካለ ዳታቤዙ ደህና ነው፤ የጎደለው የማመስጠሪያ ቁልፎቹ ያሉበት የቅንብር ፋይል ነው። ያንን ፋይል ከዋናው ማሽን በዚያው ቀን ቅዱት።